መስኮት ላይ የዋለው ቅባት

አባዬ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ረመዷን ገባ። አስቀድሜ በፍጹም ጸጸት አንድ ከባድ ወንጀል አምናለሁ፦ ሽርጥህን ትራሴ ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አጎቴ እስካሁን ድመቷን ይጠረጥራል።

አዋሽ እንደምታውቃት ናት፣ ሙቀቷም አልቀነሰም። ሱቁን አጎቴ ይዞታል፤ ሚዛኑ ፊት ሲቆም ዳኛ ይመስላል። ለቅሶህ ላይ ሁሉም ሐኪም ሆኖ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ስኳሩን ያመጣብህ ለስላሳ ነው አሉ፣ ሦስተኛ ለስላሳቸውን እየጠጡ።

እህቴ ዘሀራ ከሰመራ መጥታለች፤ የመመረቂያ ጥናቷን እየጨረሰች ነው። የእግርህን ቁስል እንዲሞላ የታዘዘልህ ቅባት ውስጥ ያለው፣ ሥጋን እደግ የሚለው ፕሮቲን፣ ትልቅ ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል አለችን። እሷ የምትፈልገው ያንኑ ሥራ የምትሠራ፣ ሙቀት የምትችል አጭር ቁራጭ ነው፤ ፔፕታይድ ትላታለች። በኮምፒውተር ስታበጥር ከርማ ሦስት ቀርተዋታል። ሰው ላይ እስኪደርሱ ግን ገና ብዙ ዓመት ነው አለች። እማዬ የተበላሸው በምን ይታወቃል ብላ ጠየቀቻት። መልኩም ሽታውም አይለወጥም አለች። አንገቴን ደፋሁ።

አባዬ፣ አንድ ቀን አንተ ተኝተህ ሳለ ጓደኞቼ መጡ። ለማንጎ ጭማቂያችን ቦታ እንዲገኝ ብዬ ቅባትህን ከፍሪጅ አውጥቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ዐሥር ሰዓት ረሳሁት። ስመልሰው እንደ ሻይ ይሞቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላም በየቀኑ የምቀባህ እኔው ነበርኩ፤ አንተም «እጅሽ ይባረክ» ትለኝ ነበር።

ትናንት ዘሀራ የጥናቷን መታሰቢያ እንዳርምላት ሰጠችኝ፦ «መድኃኒቱ በአግባቡ ቀዝቅዞ ተቀምጦ ሳለ ላልዳነው አባቴ።» ፊደሉ አንድም ስህተት የለበትም። ውሸቱ የእኔ ነው፣ ስሟን የምትፈርምበት ግን እሷ ናት። ያ ቀን ይሁን የገደለህ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን እውነት አይደለችም።

ለእሷ ልናገር ብዬ ተነሳሁና ላንተ ጻፍኩ፤ አንተ አትቆጣማ። የሳቅንባቸውን ቀኖች ብቻ መርጬ አላስታውስህም አባዬ። ያንን ቀንም እይዘዋለሁ።

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማለች። «ሀያት፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?» እያለችኝ ነው።

ወረቀቱን አልሸፍነውም።