ድንኳኑ ቀረ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017፣ ሰበታ

ቅዳሜ ማለዳ በሞተሬ ወደ ጅማ እነሳለሁ። ጥፋቴ ቀኑን ለእማ መንገሬ ነው። ለእማ የተነገረ ነገር ለሰፈሩ ሁሉ ተነገረ ማለት ነው።

ትናንት የሞተሩን የጎን ሻንጣዎች ሞልቼ ጨርሼ ነበር። በቀኝ በኩል ጎማ ቢተነፍስ የምቀይረው ካላማዳሪ፣ መፍቻና የጎማ መንፊያ፣ በግራ በኩል ድንኳኑ፣ ከላይ ፓወር ባንኩና የእጅ ባትሪው። ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የሰው ወሬ ስሰማ ስለምውል፣ ሐሳቤ አምስት ሌሊት ብቻዬን ማደር ነበር።

ዛሬ ጠዋት እማ ጅማ ላለችው አክስቴ በርበሬ ቋጥራ መጣች።

«ሞተር እኮ ነው እማ፣ መኪና አይደለም።»

«ታዲያ ጎማ የለውም?»

ከሰዓት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ወሊሶ ላገባችው ልጃቸው በሶ ይዘው ከች አሉ።

«አካም ጅርታ ልጄ? መንገደኛ ነህ አሉ።»

«ኦቦ፣ እውነቴን ነው፣ ቦታ የለኝም።»

ድንኳኑን በከዘራቸው ነካ አድርገው «ይሄስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማደሪያዬ ነው።»

«ልጄ እዚያ እያለች ሜዳ ላይ ልታድር? ልታሰድበኝ ነው? ደውዬላታለሁ፣ ትጠብቅሃለች።»

በሶውን ተቀበልኩ። አመሻሽ ላይ ደግሞ የሱቅ ጎረቤቴ ዘይነባ ወልቂጤ ላለው ወንድሟ ጫማ ላከች። እሱም ይጠብቀኛል።

ድንኳኑን አውጥቼ አልጋ ሥር ከተትኩት። በሶው በቦታው ልክክ አለ። ካላማዳሪውን ግን ማንም ቢመጣ አላወጣም። ጎማ ከተነፈሰብኝ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ብቻዬን እሆን ይሆናል።