ፎቶህ ከመደርደሪያው አይወርድም

ሰይዴ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሥራዬ እዚያው ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ ማዳም ቤት ነው። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ በግዳዲያ ሰፈር፣ ከእህትህ ከእትዬ ዘይነባና ከሴቶቹ ጋር ወደተከራየነው ክፍል እሄዳለሁ። መስኮቱ አሁንም አይዘጋም። አስተካክለዋለሁ እንዳልክ ቀረህ።

መካ፣ መንሱር ገበያ፣ ዕቃ ስታወርድ ወድቀህ በዚያው ስታርፍ፣ መርዶውን የሰማሁት ከተቀበርክ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ “ታድሏል፣ መካ ተቀበረ” እያለ አጽናናኝ። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ አሁንም አልጽናናም። መቃብሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አፈርና ስም የሌለው ድንጋይ ነው። የትኛው የአንተ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ደንቡ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሴት ባሏን ስትናፍቅ ፊቷን የምታዞርበት አንድ ቦታ እንኳ ትጣ?

አንድ ቀን የማዳም ልጆች በቴሌቪዥን የሜክሲኮ ሰዎችን ሲያዩ አብሬ አየሁ። አገሩን ነው የምልህ፣ የአዲስ አበባውን አደባባይ አይደለም። በዓመት አንዴ ለሞቱባቸው ሰዎች እቤታቸው መደርደሪያ ያዘጋጃሉ፤ ፎቶ ያቆማሉ፣ ቢጫ አበባ ይነሰንሳሉ፣ ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ ያስቀምጣሉ። ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው ጁምዓ እኔም ሠራሁልህ። አበባው የፕላስቲክ ነው፤ ሻዩ ግን እንደምትወደው ስኳሩ የበዛ፣ አጠገቡም ትኩስ ታሚስ ዳቦና ፉል። በዓመት አንዴ አልበቃ ስላለኝ በየጁምዓው አደርገዋለሁ። በኋላ ምግቡን ለሕንፃው ዘበኛ ሰደቃ እሰጠዋለሁ፤ ለሰይድ ዱዓ አድርግለት እለዋለሁ።

ጉዴን ልንገርህ። መደርደሪያውን የሰቀልኩት አንተ ባለህበት፣ በመካ በኩል ይሁን ብዬ ነበር። ለካ በመካ በኩል ማለት ቂብላው ነው! ሴቶቹ ለሶላት ሲሰለፉ አንተ ጥርስህን ገልጠህ ፊት ለፊታቸው ቆመሃል። እትዬ ዘይነባ “ወላሂ፣ ለገዛ ወንድሜ አልሰግድም!” ብላ ጮኸች። ብታያት በሳቅ ትፈርስ ነበር። እውነቷን ነው፤ ወዲያው ወደ ኋለኛው ግድግዳ አዛወርኩህ።

አልበቃትም። ፎቶ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም፣ ሰደቃሽን ስጪ፣ ፎቶውን ግን አውርጂ፣ ካልሆነ ኸላስ፣ ሌላ ክፍል ፈልጊ አለችኝ። አላወርድም አልኳት። ሰይድን አልለምነውም፤ ለሰይድ ነው የምለምነው። መቃብሩን አላውቀው፣ ፊቱን ደግሞ አትውሰጂብኝ አልኳት። ታላቅ እህትህ ናት፤ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ያም ሆኖ ቃሌን አላጠፍኩም።

ባለፈው ጁምዓ ስገባ ፎቶህ የለም። ደሜ ፈላ። ሻንጣ ፈታሁ፣ ፍራሽ ገለበጥኩ። የት ባገኝህ ጥሩ ነው? ከእትዬ ዘይነባ ትራስ ሥር፣ በሻሿ ተጠቅልለህ። ሻሹ በእንባ ርሷል። መርዶህ የመጣ ቀን እንኳ የአላህ ውሳኔ ነው ብላ አንዲት ዘለላ ያላፈሰሰችው ሴት! ለካ ፊትህን ባየች ቁጥር እንባዋ እየመጣባት፣ ሰው ፊት እንዳታለቅስ ነው ስትሸሽህ የከረመችው።

አንጀቴን በላችው። ግን እዚያ አልተውኩህም። መልሼ አቆምኩህና ሁለተኛ ሻይ ቀዳሁ። እትዬ ዘይነባ ስትገባ፣ የምታለቅሺ ከሆነ እዚህ፣ ፊት ለፊቱ አልቅሺ አልኳት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም እስኪወጣልን አለቀስን።

ሰይዴ፣ ከዚህ ክፍል ቢያስወጡኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማው አልቆ አገሬ ቢመልሱኝ፣ ከሻንጣዬ በፊት የምይዘው አንተን ነው። በደረስኩበት ግድግዳ ሁሉ እሰቅልሃለሁ፤ ሻይህንም አልረሳም። ለምን የሚል ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ። ስሙ ሰይድ ነው፣ ባሌ ነው እለዋለሁ።