ሐሙስ ሐሙስ የሚጠራው ስምሽ

ይድረስ ለእናቴ ለሰዲቃ ኑሬ፣ ኮምቦልቻ።

እማ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ በብርዱ ባሰበት ወይስ ተሻለው? አባዬስ ያ ሳሉ ተወው? ጃፈር ትምህርት ተዘግቷል ብሎ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሜዳ እንደሚውል ሳይታለም የተፈታ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ናይሮቢ በሐምሌ እንዲህ እንደሚበርድ ማንም አልነገረኝም፤ በግድ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽውን ሹራብ ከላዬ አላወልቀውም።

ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ፣ እዚሁ ለተወለዱ የሀገራችን ልጆች በነጻ አማርኛ አስተምራለሁ። ጠመኔ ሲያልቅ «ቲቸር፣ ቾክ ኢሜይሻ» ይሉኛል፤ እኔም ለምጄው ዛሬ ለራሴ ዱቄት ኢሜይሻ ስል ነበር። ግን ማስተማሩ ሰበብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመጣሁት አባትሽ፣ አባባ ኑሬ፣ የኖረበትን ለማየት ነው። ስነሳ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ጡት ሳልጥል ትቶኝ የሄደ ሰው ስሜን እንኳ የሚያስታውስ አይመስለኝም ብለሽ ነበር።

ሱቁን አየሁት፤ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። መቃብሩንም አሳዩኝ። አለቅሳለሁ ብዬ መሐረብ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ምንም አልመጣም። ብዙ ታጥፎ ቆይቶ እንደደነዘዘ እግር ነው የሆንኩት። የተቀበረበትን አፈር እያየሁ ምሳ ምን እንደምንበላ አስብ ነበር። አፈርኩ ልልሽ ነበር፤ እሱም አልተሰማኝም።

ያረፍኩት ከአባባ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ ይነግዱ በነበሩት በእትዬ መስቱራ ቤት ነው። እሳቸው ዘንድ ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ አለ። ልማዳቸው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ዱዓ የሚደረግለትን ሰው ስም ይሰጣል፤ ጉዳዩ ሲሳካ ራሱ ተመልሶ መጥቶ «ደርሷል» ይላል። እሱ ያን እስኪል ድረስ ስሙ በየሳምንቱ ይጠራል፤ ማንም በራሱ ፈቃድ አያስቀረውም።

ባለፈው ሐሙስ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ሳለሁ ሽማግሌው የታመመውን፣ መንገደኛውን፣ እስር ቤት ያለውን ጠሩና «ለሰዲቃ» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። በኋላ ሰዲቃ ማን ናት ብዬ እትዬ መስቱራን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ አያትሽ ገና ወጣት ሆኖ እዚህ እንደመጣ የሰጠን ስም ነው፣ ዘመኑን ሙሉ አንድ ሐሙስ አልቀረም፣ ማን እንደሆነች ስንጠይቀው አንገቱን ይደፋ ነበር፣ በሽተኛ ልጅ ትመስለን ነበር አሉኝ። ደርሷል ሳይል ስለሞተ እስከዛሬ ይጠሩታል። በየቤቱ ሰዲቃ የምትባል ስለማትጠፋ፣ ስሙን ስሰማ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እነሱም የእናቴን ስም ጠይቀውኝ አያውቁም።

እናቴ ናት አልኳቸው። አልታመመችም፣ ደህና ናት፣ ኮምቦልቻ ነው ያለችው አልኩ። እሳቸው አለቀሱ። እኔ ብርጭቆዎቹን ወስጄ አጠብኩ። አባባ መሞቱን የሰማሽ ቀን ልብስ ማጠብሽን አላቋረጥሽም ነበር፤ ልበ ደረቅ ናት ብዬ በሆዴ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ገባኝ፣ እማ። እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ይህን በስልክ ብነግርሽ ወሬ እንደምትለውጪ ስለማውቅ ጽፌ፣ ወደ ሞያሌ በሚሄድ ነጋዴ እጅ ላክሁት። ይቅር በይው አልልሽም፤ ጥሎሽ ሄዷል፤ ዱዓው ያንን አይሰርዘውም። ግን እትዬ መስቱራ አንድ ነገር ጠይቀውኛል። አሁን ደርሷል ማለት የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ስምሽ ይቁም ወይስ ይቀጥል? አላውቅም፣ እሷን ልጠይቅ ብያቸዋለሁ።

አባዬን ሽሮፑን እንዳይረሳ በይልኝ። ጃፈርን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን በሙሉ፣ ያቺን ተቆጪ አክስቴን ጨምሮ፣ ሰላም በይልኝ። አንቺን ግን እንዴት ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። መልስሽ እስኪመጣ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ አሚን እላለሁ።

ልጅሽ ዛራ
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.