በእናቱ ቁመት ስለተመዘነው ልጅ

ለምዕራብ ሜዳ ወጣቶች ሆኪ ሊግ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ሬጃይና፣ ሳስካችዋን

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ የዊልኮት ቀበሮዎች ክለብ ልጄን በእኔ ቁመት መዝኖ ስላሰናበተውና ወደ ሌላ ክለብም እንዳይሄድ አስሮ ስለያዘው አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣

እኔ አመልካች ዶሪን ሀነቹክ ከዊልኮት ከተማ በስተሰሜን ባለው እርሻችን ከባለቤቴ ከሎርን ጋር የምኖር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ባለቤቴ «በስልክ ብትሰድቢያቸው አይቀልም?» ብሎኝ ነበር። በስልክ ሰድቤያቸዋለሁ፤ ግን አልወጣልኝም። ስለሆነም ነገሩን በሥርዓቱ ለክቡርነትዎ አቀርባለሁ።

1. ልጃችን ኮልቢ ዕድሜው አሥራ አምስት ነው። ክለቡ ባለፈው ጸደይ መርጦ በስሙ ስላስመዘገበው በኦገስት መጨረሻ ለወጣቶች የመመልመያ ካምፕ ተጠራ። በሊጉ ደንብ መሠረት አንድ ክለብ ያስመዘገበውን ልጅ ራሱ ካልለቀቀው ሌላ ክለብ ሊያጫውተው አይችልም።

2. ወቅቱ ስንዴ የሚታጨድበት ስለነበር ሎርን ከኮምባይኑ ላይ መውረድ አልቻለም። ልጁን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን በነጭና በጥቁር ማሊያ ከፍለው በበረዶው ሜዳ ላይ ፓኳን በዱላ እያሳደዱ እርስ በርስ እንዲጋጠሙ አደረጓቸው። እናት ነኝና አዳልቼ ይሆናል። ነገር ግን ከጎኔ የተቀመጡት አባቶች፣ ኮልቢ የገዛ ልጆቻቸውን ሲያልፍ እያዩ የሚያመሰግኑበት ምንም ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሆኖም አንዱ «ያ ነጭ ለባሹ ትንሽዬ የማን ነው? ፓኳ የምትደርስበትን ቦታ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃታል እኮ!» አለ። «የኔ ነው» አልኩ፤ ደስ ብሎኝ።

3. የክለቡ መልማዮች እንደ ልማዳቸው ከላይኛው ጥግ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ነበር። እኔ ከእነሱ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብዬ ነበርኩ። ኮልቢ ሁለተኛውን ጎል ሲያገባ ብድግ ብዬ ሳጨበጭብ ከኋላዬ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ፦ «የሀነቹክ እናት የታለች?» «ያቻትና፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰችው።» «እንዴ፣ ለምን አትቆምም ታዲያ?» «ኧረ ቆማለች እኮ!» ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ጎሉን ያየው ማን ነው? ሁሉም የሚያዩት እኔን ነበር።

4. በእረፍቱ ሰዓት የመልማዮቹ አለቃ አቶ ብሌይን ሶርጋርድ ትኩስ ቸኮላት ይዞልኝ ወረደ። «ወይዘሮ ሀነቹክ፣ ይነሱ እስቲ፣ ቁጭ ሲሉ ብርዱ ይብሳል» አለኝ። ተነሳሁ። ትከሻውን ወደ እኔ አስጠግቶ ቆመና ራሴ ጃኬቱ ላይ የት እንደደረሰ ጎንበስ ብሎ አየ። ስለ እርሻውና ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፤ ኮልቢ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ምን ቁጥር ጫማ ያደርግ እንደነበርም ጠየቀኝ። ጨዋ ሰው መስሎኝ አመሰገንኩት። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

5. ካምፑ ሲያበቃ የሚሰናበቱትን ልጆች አንድ በአንድ ወደ ቢሮ ጠርተው አነጋገሯቸው። ለኮልቢ የተነገረው ይህ ነው፦ «እጅህ ግሩም ነው፣ ጭንቅላትህም ይሠራል። ግን አታድግም የኔ ልጅ። ቁመት ከእናት ነው የሚወረሰው፤ እናትህን ደግሞ አይተናታል።» ልጁ ይህን የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ይቅርታ ልጠይቀው ቃጣኝ። በምን ጥፋቴ እንደሆነ ግን አላውቀውም።

6. እኛም ጥጃ ስንገዛ እናቷን እናያለን፤ ይህን አልክድም። ላሟ ግን የምንለውን አትሰማም፤ ትኩስ ቸኮላት እየሰጠንም አናታልላትም። ሰዎቹ በየመንደሩ የሰው እናት እየዞሩ ሲለኩ ኖረው ይህን ሙያ ማለታቸው ያስጠላኛል። ሌሎች እናቶችን ስጠይቅ ከመካከላቸው አንዷ ይህን ስለምታውቅ ተረከዘ ረጅም ቦት ጫማ አድርጋ መምጣቷን ነገረችኝ። በበረዶ ሜዳ ላይ! የደረስንበትን ይመልከቱልኝ።

7. አሁን ወደ ስህተታቸው ልምጣ። ኮልቢን የወለደችው እኔ አይደለሁም። የወለደችው የባለቤቴ የመጀመሪያ ሚስት ግዌን ናት፤ ልጁ መራመድ ሳይጀምር በካንሰር ሞተች። ግዌን ረጅም ነበረች፤ ቁመቷ ከሎርን እኩል ነበር። የኩሽናችንን መደርደሪያ በራሷ ልክ ያሰቀለችው እሷ ስለሆነች፣ እኔ እስከ ዛሬ ሳህን የማወርደው በርጩማ ላይ ወጥቼ ነው። ሎርን ዝቅ ላድርገው ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለልጁ ከእሷ የቀረለት ነገር ጥቂት ነው፤ ያንን ደግሞ በመጋዝ ልቆርጥበት አልፈለግኩም።

8. ሎርን የሆነውን ሲሰማ ተናዶ ለአቶ ሶርጋርድ ደወለና ሳያስበው ይህን ሁሉ ዘረገፈለት። ሰውየው እንደ ማፈር ደስ አለው! በማግስቱ ራሱ ደወለ። እራት ላይ ስለነበርን ሎርን ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ምነው ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩን ኖሮ! ስህተት ነው፣ ስህተት ነው። ልጁ ነገውኑ ይምጣ። አንድ ነገር ብቻ፦ የእውነተኛ እናቱ ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ። ከጎኗ በር ወይም መኪና ቢኖር ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ለማመዛዘን ይረዳናል» አለ። ክቡር ሆይ፣ ያችን ሴት በር ሥር አቁመው ሊለኳት ነው። ከሞተች በኋላ! ሎርን ሹካውን ቁጭ አድርጎ ወጣ።

9. ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ፎቶው አለን። ግዌን ከአሮጌው የጭነት መኪና ጎን ቆማ፣ ክንዷን ጣሪያው ላይ አሳርፋ። ይህ ልጅ በበረዶ ላይ መንሸራተት ከለመደ ጀምሮ የሚፈልገው በሊጉ መጫወትን ብቻ ነው፤ የክረምቱን ብርድ በረዶ በሆነው ኩሬያችን ላይ የጨረሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥላቻዬን ዋጥ አድርጌ ኮልቢን «ፎቶውን ላምጣልህ?» አልኩት። ኮልቢ ገና ያልተዘጋውን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አነሳና «አቶ ሶርጋርድ፣ የሠራችሁት ስህተት የለም። እናቴ አጭር ናት» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ድንቹን በልቶ ጨረሰ።

10. ከዚያን ቀን ወዲህ ክለቡ ፎቶው ካልመጣ አላጫውትም፣ አልለቅም ብሏል። «ማን ያውቃል፣ ያድግ ይሆናል» ነው መልሳቸው። የክለቦች ምዝገባ በዚህ ወር ያበቃል፤ እስከዚያ ካልተለቀቀ ልጄ ክረምቱን ሙሉ የትም አይጫወትም።

በመሆኑም ጽሕፈት ቤቱ ክለቡን አዝዞ ልጄን በነፃ እንዲያስለቅቅልኝ፣ ወይም ወላጆቹን በማያውቁ ሰዎች በበረዶው ላይ እንደገና እንዲያስመዝንልኝ እጠይቃለሁ። እናቶችን መለካት ይከልከልልን ብዬም ብጠይቅ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን በድብቅ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

ፎቶግራፉን ከዚህ ማመልከቻ ጋር አላያያዝኩም፤ ለጽሕፈት ቤቱም ቢሆን አልሰጥም። የእናት ቁመት የግድ ይጻፍ ከተባለ ግን፣ አራት ጫማ ከአሥራ አንድ ኢንች ተብሎ ይጻፍልኝ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዶሪን ሀነቹክ
የኮልቢ ሀነቹክ እናት

ግልባጭ፦
ለዊልኮት ቀበሮዎች ሆኪ ክለብ፣ ለአቶ ብሌይን ሶርጋርድ
ዊልኮት