የእትዬ ራስጌ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጅዋ እናታችን በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን ተቆጥተውም አባብለውም አሳድገውናል።

በ1974 ዓ.ም. በፋርማሲ ተመርቀው በሆስፒታል የመድኃኒት ማደያ መስኮት ሲሠሩ ቆዩ። በ1979 ዓ.ም. ከላቦራቶሪ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ኋላም ተጨማሪ ትምህርት ተምረው የክሊኒካል ፋርማሲ መምህርት ሆኑ። ሥራቸው ተማሪዎችን ይዞ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ መቆም፣ የታዘዘው መድኃኒት ለዚያ ሰው ይስማማ እንደሆነ ማየትና ለሐኪሙ መናገር ነበር።

ተማሪዎቹ ስለዚህ ሥራ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ «በጣም ጠቃሚ ነው» ይላሉ። አልጋው ጋ ሲደርሱ ግን ከሐኪሞቹ ጀርባ ይሸሸጋሉ። «ሐኪሙ ቢቆጣንስ? ደግሞ ተመርቀን መድኃኒት ቤት ነው የምንከፍተው» ይሏቸዋል። እህታችን ክንዳቸውን ይዘው እየጎተቱ ወደ በሽተኛው ራስጌ ያመጧቸው ስለነበር «እትዬ ራስጌ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን መስማታቸውን ግን አሳይተው አያውቁም። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ፣ በየዓመቱ ያው ሽሽት ሆነባቸውና ደከሙ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ «ውኃ ስወቅጥ ኖርኩ ወንድሜ» አሉኝ። እኔም ምሬታቸውን መስማት ሰልችቶኝ ስለነበር አላጽናናኋቸውም።

ኩላሊታቸው ታሞ ባለፈው ወር ሆስፒታል ገቡ። አንድ ጠዋት ሐኪሞቹ ተማሪዎች አስከትለው መጡና ለያዛቸው ኢንፌክሽን መድኃኒት አዘዙ። እህታችንን የማታውቅ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ከኋላ ወጥታ አልጋቸው ጋ ቀረበች። «ዶክተር፣ ለኩላሊታቸው ይህ መጠን አይበዛም?» አለች። ሐኪሙ አስልቶ መጠኑን ቀነሰው።

እህታችን ልጅቱን አስቀርተው «ቢቆጣሽ ኖሮስ?» አሏት።

«ይቆጣ! እኔ የመጣሁት ለእርስዎ ነው» አለቻቸው።

አለቀሱ። በአባታችን ቀብር እንኳ ሲያለቅሱ አላየናቸውም ነበር።

በሽታው ግን ጸንቶባቸው በዚያው ሳምንት፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኛ በተሰበሰብንበት ዐረፉ። ብዙ ደክመዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።