መቀርቀሪያ ስለሌለው በርና ስለ ሲቲ ወተት

ለተከበሩ አቶ ቶኩማ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ
መቱ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በጥሩ እንቅልፍና በተደላደለ ወንበር ላይ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራዬ ላይ ነኝ። ልጄ ሲቲ ሁሩሙ ከተማ ከእናቴ ጋር ትውላለች፤ ዛሬ እዚህ ያለብኩትን ነገ እዚያ ትጠጣለች። ካላለብኩ አትጠጣም። ነገሩ ይኸው ነው። በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በቃል ስለምንዎ ምላሽዎ ፈገግታ ብቻ ስለሆነብኝ ነው።

አንደኛ፦ የማልብበት ቦታ በጠየቅሁ ጊዜ ሳያቅማሙ መጸዳጃ ቤቱን ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰፊ ነው። ውሃ ግን አይመጣበትም፤ በሩም መቀርቀሪያ የለውም። በአንድ እጄ በሩን እገፋለሁ፣ በሌላው አልባለሁ፣ ጠርሙሱን በጉልበቶቼ መሀል እይዛለሁ። ወለሉን ላለማየት ጣሪያውን አያለሁ። ጣሪያውም ከወለሉ አይሻልም። ኮቴ ስሰማ ወተቱ ይቆማል። ጡት ጆሮ እንዳለው አላውቅም ነበር። እርስዎን ምሳዎን እዚያ ገብተው እንዲበሉ የጋበዘ ሰው እንደሌለ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ጠርሙሱን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣው ጥግ ባስቀምጠው፣ ሠራተኛውን ሰብስበው «ከሰው ገላ የወጣ ነገር ከምግብ ጋር አይቀመጥም» በማለት ስለ ንጽሕና ስላስተማሩን ባለውለታዎ ነን። ለምሳ የተገዛልዎ ጥሬ ሥጋም እዚያው መደርደሪያ ላይ ሆኖ፣ በፌስታሉ ቀዳዳ ደሙን እያንጠባጠበ፣ በጨዋነት ያዳምጥዎ ነበር። እሱም ከገላ የወጣ መሆኑን የማነሳበት ዕድል አልተሰጠኝም። ለሾፌራችን ለባጫ ግን ተሰጠው። በኦሮምኛ የሲቲ እናት ብሎ ጠርቶኝ፣ «ሃዳ ሲቲ፣ ለማኪያቶ የሚሆን አልተረፈም ወይ?» አለ። ሳቁ። እርስዎም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እስካሁን አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ምንዳዬ ጠርሙሱን እንዲደፉት አዘዟቸው። እሳቸው የጡት ወተት አይደፋም፣ ጉንዳን ከቀመሰው የእናቲቱ ጡት ይነጥፋል ብለው እምቢ ቢሉ፣ ኋላቀርነትን የማይወዱት እርስዎ ራስዎ ተነስተው ደፉት። ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ። እያየሁ። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ታጠቡ፣ ደጋግመው። መሥሪያ ቤታችን ሳሙና እንዳለው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

እኔ በጉንዳኑ አላምንም። ነገር ግን ወተቴ እየነጠፈ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እሌኒ፣ ጡት በወቅቱ ካልታለበ ወተቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነግራኛለች። ስለዚህ ጉንዳኑን ነጻ አውጥቼዋለሁ። ትናንት ይዤ የገባሁት የጠርሙሱን ሥር አልሸፈነም። እናቴ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ምንም አላለችም። ልጅቷ ግን አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማት።

የምለምነው የሚቆለፍ አንድ ክፍልና የማቀዝቀዣውን አንድ ጥግ ነው፤ ያውም ፈጥኖ፣ ጡቴ ጨርሶ ሳይደርቅ።

ስለ ሰፊው መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሳቁና ስለ ሳሙናው ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ታዛዥዎ
ሳሊሐ መሀመድ ሰዒድ፣ ከመዝገብ ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ስል ጸሐፊዎ ዱሬቲ የቡና ሲኒ ይዛ ገባች። ዓይን ማዝ እንደያዘዎና ቢሮዎን ዘግተው እንደተቀመጡ ሰምቼ አዘንኩ። የጡት ወተት ጠብ ሲደረግበት ይለቃል ብለውዎት፣ ከእኔ ጥቂት በሲኒው እንድልክልዎ ጠይቀዋል። ሲኒውን ባዶውን መልሻለሁ፤ ያለችው ጠብታ የሲቲ ናት። እርስዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእነሱ በር ይቆለፋል።