ምን ታመጪን የጠበቅሁበት ዐሥር ቀን

ረቡዕ
በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙን የተክሌ ውሻ ዘነጠለው። ከአትክልት ተራ ጎመን ይዤ ስመለስ ደጄ አጠገብ ካለው ከተክሌ ቡና ቤት ባንኮኒ ሥር ወጥቶ ያዘኝ። ስሙ ምን ታመጪ ነው። ለእኔ የወጣ ስም ነው፤ ሰፈሩ ያውቃል። ተክሌ እጣቢውን ደጄ ላይ ስለሚደፋ ከስሼ ረታሁት። በሳምንቱ ቡችላ አመጣና እንዲህ ብሎ ይጠራው ጀመር። ይኸው ሁለት ዓመት በውሻ ያሰድበኛል።

ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጣ። «እትዬ አልማዝ፣ አሁኑኑ ይለይለት» አሉኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግን ሲሞት በዐይኔ ማየት ፈለግሁ። «ቁስሌን አሳጥቤ ልምጣ፤ እስክመለስ አስራችሁ አቆዩልኝ» ብዬ ሄድሁ።

ሐኪሙ እጄን በሳሙናና በውሃ እስኪሰለቸኝ አጠበው። «ውሻው የት አለ?» አለኝ። ሊገደል ነው ስለው ደነገጠ። ታስሮ ዐሥር ቀን ይጠበቅ፣ የውሻ እብደት በሽታ ካለበት በዚያ ውስጥ ይታወቃል አለ። እስከዚያ በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ። በሽታው ሰው ላይ ከተነሣ መድኃኒት የለውም።

እየሮጥሁ ተመለስሁ። ዱላው መካከል ገብቼ ለዚያ ውሻ ለመንሁ። ምን ዓይነት ውርደት ነው።

ሐሙስ
ሐኪሙ ያስጻፈኝ፦ ድምፁ ቢጎረንን። ለሃጩ ቢዝረበረብ። መንጋጋው ቢወድቅ። ውሃ መዋጥ ቢያቅተው። እንጨትና ድንጋይ ቢበላ። ጠባዩ ቢለወጥ፣ ክፉው ደግ ቢሆን።

ተክሌ ውሻውን በስውር ሊያስገድል አስቧል አሉ፤ ያበደ ውሻ አለው ከተባለ ጠጪው ይሸሻላ። በጎረምሶች አስጎትቼ እኔው ደጅ፣ ከግንዱ ጋር በሰንሰለት አስቆለፍሁት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ምግቡን በረጅም እንጨት እገፋለታለሁ።

ቅዳሜ
ሆዴ አብጧል። የስፌት መኪናዬ አቧራ ለበሰ። ውሻው እያየኝ ያጉረመርማል። ይበድና ተክሌ ይዋረድ እላለሁ፣ ወዲያው አፌን እይዛለሁ። እሱ ቢያብድ እኔስ? በቀል እንዲህ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ
ውሃ ጠጣ። አጥንት ሰበረ። ተክሌ በመስኮት ያየኛል እንጂ እጅሽ እንዴት ነው አላለኝም። ይህንም መዝግቤለታለሁ።

ረቡዕ
ጉድ ሆንሁ። ዛሬ ሳየው ጅራቱን ቆላልኝ። ያ ነካሽ፣ ያ ባለጌ። ክፉው ደግ ቢሆን የሚለውን አነበብሁና ወደ ሐኪም ቤት ሮጥሁ። ለሐኪሙ ነገርሁት።
«የሚያበላው ማን ነው?»
«እኔ ነኝ።»
«ውሃ ይጠጣል?»
«ይጠጣል።»
ሳቀብኝ። ቢሆንም ይጠብቁ፣ እጅዎንም አይስጡት አለኝ። አላመንሁትም። ዛሬ ሌሊት ጎኔን አላሳርፍም።

ዓርብ
ደህና ነው። አሁንም ጅራቱን ይቆላል። አልቀርበውም።

ቅዳሜ
ዐሥር ቀን ሞላ። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ አየው፤ መርፌው ቀረ። እኔ አልሞትም።

ተክሌ ይህን ሲሰማ ጠጪዎቹን አስከትሎ መጣ። «ውሻዬን» አለ። ፈታሁለት። «ምን ታመጪ፣ ና!» አለው፤ ሦስቴ ጠራው። ውሻው ጥርሱን አሳየውና ከቀሚሴ ኋላ ተሸጎጠ። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ከጠጪዎቹ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። ተክሌ ፊቱ ቀልቶ ሄደ። በሕይወቴ እንዲህ ጣፋጭ ነገር አልቀመስሁም።

ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ተኝቷል። ቅድም ቀና ብሎ የነከሰኝን እጅ ላሰው። ዝም አልሁት። ከዚያ ተነሥቼ እጄን በሳሙና አጠብሁ።